ሁለት እጅና አንድ ፖፖ፦ ለአራስ ቤት አስተዳደር ጥናት መግቢያ

ስለ አራስ ቤት በአገራችን የሚታወቀው ብዙ ነው። የገንፎው ቅቤ የት ላይ እንደሚፈስ፣ አጥሚቱ ምን ያህል መቅጠን እንዳለበት፣ አራሷ ከነፋስ እንዴት እንደምትጠበቅ፣ ወንድ ከሆነ በ40 ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና እንደሚነሡ የማያውቅ የለም። ይህ ሁሉ እውቀት ግን ቤቱ ውስጥ ያለው ሕፃን አንድ ነው ከሚል ግምት የተነሣ ነው። አራሷ ሁለት ዓመት የሞላው፣ መሮጥ የቻለ፣ በር መክፈት የለመደና ስለ አዲሱ ልጅ ማንም ያላማከረው ሌላ ልጅ ካላት፣ የወረስነው እውቀት በሙሉ እንደገና መፈተሽ ይኖርበታል። በልማዱ ለምሳሌ አራስ ብቻዋን አትተውም። ታላቅ ልጅ ያለበት ቤት ይህን ደንብ ያለ አንዳች ጥረት ያከብራል፤ አራሷ መጸዳጃ ቤት ገብታ እንኳ ብቻዋን አትሆንም። ገንፎውም ለአራሷ ተብሎ ይሠራ እንጂ፣ መሐሉ ላይ ያለችውን የቅቤ ጉድጓድ በመጀመሪያ የሚጎበኛት የማን ጣት እንደሆነ ልጇን ለማረስ የመጣች አያት ሁሉ ታውቃለች።

የዚህ ጥናት መከራከሪያ አንድ ነው። በአራስ ቤት የታላቅ ልጅ ፍላጎት ምንጩ ሆዱም፣ ጉሮሮውም፣ ፊኛውም አይደለም፤ የእናቱ እጅ ነው። የእናትየዋ ሁለት እጆች ባዶ ሲሆኑ ታላቅየው ምንም አይፈልግም። አንደኛው ሲያዝ ጆሮውን ያቆማል። ሁለቱም ሲያዙ፣ ማለትም ጨቅላው ስንት ታግሎ ጡቱን በትክክል ሲጎርስ፣ አራሷም ትራሷን አስተካክላ ጀርባዋን ገና ግድግዳው ላይ ስታሳርፍ፣ ውሃ ጥሙ፣ ረሃቡ፣ የጠፋ ካልሲውና ከረጅም ጊዜ በፊት የተሰበረ መኪናው በአንድ ጊዜ ትዝ ይሉታል። ይህን የሁለት እጅ ሕግ እንበለው። ሕጉ በተገላቢጦሽም ይሠራል። እናትየዋ ጨቅላውን አስተኝታ፣ እጇን ታጥባ፣ «ና አባቴ፣ አሁን እንጫወት» ብትለው ታላቅየው ቀናም አይል። የድስት ክዳን ወለል ላይ እያሽከረከረ ነው፤ ሥራ ላይ ነው። ብላ ቢሉት አይበላም፣ ልቀፍህ ቢሉት ይንፈራገጣል። ያው ልጅ ጨቅላው ተመልሶ ጡት በያዘ ቅጽበት፣ ከተወለደ ጀምሮ ታቅፎ እንደማያውቅ ሆኖ ያለቅሳል።

ማስረጃ አሰባሰቡ አስቸጋሪ መሆኑን መደበቅ አይገባም። ዣን ፒያዤ ስለ ጨቅላ ሕፃናት አስተሳሰብ የጻፋቸውን ታላላቅ ሥራዎች ያዘጋጀው የገዛ ሦስት ልጆቹን ከዓመት ዓመት እየተከታተለ በማስታወሻ በመያዝ ነው፤ ባለቤቱ ቫለንቲን ሻትኔም በምልከታው ተካፍላለች። ባልና ሚስት ሁለቱም ሲመዘግቡ ሦስቱን ማን ይዞ ነበር የሚለው ጥያቄ ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ አራስን የሚያጓጓ ነው። ማስታወሻ ለመያዝ ነፃ እጅ ያስፈልጋል፤ ነፃ እጅ ባለበት ደግሞ በሕጋችን መሠረት የሚመዘገብ ነገር አይከሰትም። ለዚህም ነው መስኩ እስከ ዛሬ ያልለማው።

የመጀመሪያውን ተቃውሞ የሚያነሡት አክስቶች ናቸው። «ቀንቶ ነው» ይላሉ፤ ከዚያ በላይ ማብራራት አያስፈልጋቸውም። አክስቶች በዚህ ጉዳይ ላይ ያላቸው ሥልጣን የሚናቅ አይደለም፤ ከቪየና ሳይቀር ደጋፊ አላቸው። አልፍሬድ አድለር (1870–1937) የበኩር ልጅ ታናሽ ሲወለድበት ከዙፋኑ እንደ ወረደ ንጉሥ ይሆናል ብሎ አስተምሯል። አድለር ራሱ ከሰባት ልጆች ሁለተኛው እንደነበር ግን ማስታወስ ይገባል፤ ስለ ወረደው ንጉሥ የጻፈልን አውራጁ ነው። ነገሩ ቅናት ቢሆን ኖሮ ታላቅየው ጨቅላው ሲተኛ የተለቀቀውን ጭን ሮጦ ይይዝ ነበር። አይዝም። የወረደ ንጉሥም ቢያንስ ግብር መሰብሰቡን ያቆማል፤ ይህኛው ከወረደ ወዲህ እጥፍ አድርጎታል። የአገራችን ነገሥታት የወንድማማች ጉዳይ ምን እንደሆነ ከአድለር ቀድመው ያውቁ ነበርና፣ መጀመሪያ በግሸን፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ በወህኒ፣ ለዙፋን የሚታሰቡትን ወንድማማቾች አምባ ላይ አውጥተው መውረጃውን ያስጠብቁ ነበር። ኮንዶሚኒየም ለዚህ አይመችም። ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ከአምባ የማይተናነስ ቢሆንም፣ እዚያ ላይ ተይዛ የምትቀረው እናትየዋ ናት።

ቅናት የሚባል ነገር ቤቱ ውስጥ ካለ ደግሞ ይዘውት የሚመጡት ጠያቂዎች ናቸው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ገና ሳይቀመጡ፣ ብርቱካን የያዘውን ፌስታል እንኳ ከእጃቸው ሳያወጡ፣ ወደ ታላቅየው ዞረው «ማሙሽን ልውሰደው?» ይላሉ። «ውሰጂው» ይላል። ቤቱ በሳቅ ያውካካል። በቅን ልቦና የቀረበለትን ጥያቄ በቅን ልቦና የመለሰ ሰው ለምን እንደሚሳቅበት ለታላቅየው ግልጽ አይሆንለትም። ሴትዮዋ ቡናዋን ጠጥታ፣ መርቃ፣ ሕፃኑን ሳትወስድ ስትወጣ በሩ ላይ ቆሞ የሚያያት አስተያየት፣ በአክስቶች ዘንድ ቅናት ተብሎ የሚጠራው ነው። ውል ያፈረሰ ሰው እንዴት ይታያል?

ከባዱ ተቃውሞ ከእንቅልፍ በኩል የሚመጣው ነው። ሁለቱም ሲተኙ የእናትየዋ እጆች ነፃ ይሆናሉ፣ ስለዚህ ሕጉ በቀን ውስጥ የሚሠራው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የሚል ሰው ሊነሣ ይችላል። ተቃዋሚው ሒሳብ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከተወለደ ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን በቀን ከ14 እስከ 17 ሰዓት፣ የአንድና የሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት። ዝቅተኛውን ከዝቅተኛው ጋር ብንደምር 25 ሰዓት ይሆናል። ቀኑ 24 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ሕፃናት የቱንም ያህል ቢጠነቀቁ በየቀኑ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት አብረው መተኛታቸው የማይቀር ነው። ስለዚህች ሰዓት መኖር ጥርጥር የለም። የጠፋው የት እንዳለች ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነበረች የሚሉ አሉ፤ ያን ጊዜ ግን እናትየዋ ጨቅላው ለምን ዝም አለ ብላ አፍንጫው ላይ ጆሮዋን ደግና ታዳምጥ ነበርና አላረፈችባትም። ቀን ከመጣች ደግሞ የምትመጣው ቆራሌው በሰፈሩ ከሚያልፍበት ደቂቃ ጋር ተቃጥራ ነው። ከቆራሌው ብትተርፍ እንኳ፣ እናትየዋ ሁለት እጇን የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ስትነክር ታላቅየው ዓይኑን ይገልጣል። ውሃው ድምፅ ስላሰማ ነው የሚሉ አሉ። ይኸው ልጅ በሠርግ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ከድምፅ ማጉያው ሥር፣ አፉን ከፍቶ የሚያንቀላፋ መሆኑ ይህን ማብራሪያ ውድቅ ያደርገዋል። የእናቱ እጆች ስለተያዙ ነው የነቃው።

የሌሎች ሰዎች እጅስ? አባትየው ሁለት፣ አያትየዋ ሁለት ጨምረው ድምሩ ስድስት ይደርሳል፤ እጥረት የለም ሊባል ይችላል። በወረቀት ደረጃ ልክ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት ሦስት ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። እነዚህ ሦስት ቀናት ቤቱ በጠያቂ የሚጨናነቅባቸው በመሆናቸው የሚያጥረው ወንበር እንጂ እጅ አይደለም። በአራተኛው ቀን ጠያቂው ሳሳ ሲል አባትየው ሥራ ይገባል፤ እጆቹንም ይዞ ይሄዳል። ማታ ሲመለስ «ና እኔ ልውሰድህ» ቢል የሚሰጠው መልስ በሁሉም ክፍለ ከተሞች አንድ ዓይነት ነው፤ «አንተ አይደለህም! እማዬ!» የአያትየዋ እጆች ይበልጥ ተቀባይነት አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስኳር ስለሚገኝባቸው ነው። አንቀልባን የሚያነሡም አሉ፤ ጨቅላው ጀርባ ላይ ከታዘለ ሁለቱም እጆች ይለቀቃሉ፣ ሕጉም ያበቃለታል ይላሉ። አንቀልባው ከተንጠለጠለበት የወረደ ዕለት ታላቅየው «እኔንም እዘዪኝ» ይላል። ሕጉ ስለዚህ ወደ ጀርባም የሚሰፋ መሆኑ ታውቋል፤ ጭንቅላት ላይ የመሸከም ልማድ ባለበት ቤት ደግሞ ሌላ ጥናት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ እንግባ። በሕጉ መሠረት የሚነሡት ብዙ ቢሆኑም አብዛኞቹ መከላከያ አላቸው። «ውሃ» ቢል «ቆይ» ይባላል። «ጫማዬ» ቢል «አባትህ ሲመጣ» ይባላል። «ራበኝ» ዳቦ እጁ ላይ እያለ የሚቀርብ ስለሆነ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ይግባኝ የሌለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም «ሽንቴ መጣ» ነው። የተነገረው እውነት ይሁን ሐሰት የሚለየው ዝም ብሎ በመጠበቅ ነው፤ መጠበቅ ደግሞ ምንጣፍ ያስከፍላል፣ ምንጣፉን ለማጠብ ውሃ ያስፈልጋል፣ ውሃ በፈረቃ ነው። ከሁሉም የሚከፋው መሣሪያውን ያስታጠቀችው እናትየዋ ራሷ መሆኗ ነው። ሁለተኛው ከመወለዱ በፊት ባሉት ወራት ለሁለት ልጅ ዳይፐር አይቻልም ተብሎ ተመክሮ፣ ፖፖ ተገዝቶ፣ «ሽንትህ ሲመጣ ንገረኝ እሺ አባቴ» እየተባለ ተለምኗል፤ የተናገረ ቀን ተጨብጭቦለታል፣ ለአያቱ ተደውሏል። ያን ጊዜ የተማረውን አሁን በሥራ ላይ ማዋሉ ያስወቅሰዋል?

የማስታወቂያው ብዛት ከሰውነት አቅም ጋር አለመጣጣሙ በቁጥር ሊታይ ይችላል። ሐኪሞች የሕፃንን ፊኛ ይዞታ ሲገምቱ ዕድሜው ላይ ሁለት ደምረው በ30 ሚሊ ሊትር ያባዛሉ፤ ለሁለት ዓመት ልጅ 120 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። በየጡቱ አንድ «ሽንቴ መጣ» አለ ብንል፣ ሁሉም እውነተኛ ከሆኑ፣ ታላቅየው በቀን እስከ 1,440 ሚሊ ሊትር ያመነጫል ማለት ነው። የጠጣው ሲመረመር ግን አንድ ኩባያ ወተት፣ ከእናቱ አጥሚት የተሰረቀ ጥቂት ጉንጭና ግማሹ ደረቱ ላይ የፈሰሰ ውሃ ነው። የቀረው ሽንት ከየት መጣ? ከየትም። አብዛኛው መጣ ተባለ እንጂ አልመጣም፤ በየትኞቹ መልኮች አልመጣም የሚለው ነው ምደባ የሚያስፈልገው።

እውነተኛው ዓይነት ብዙ የሚያጠግብ አይደለም። የሚነገረው ከተፈጸመ በኋላ፣ ታላቅየው እግሩን ገርበብ አድርጎ ካልሲውን ቁልቁል እያየ፣ ለመረጃ ያህል ነው። ስልታዊው ግን ሥርዓት አለው። ጨቅላው መዋጥ ሲጀምር «ሽንቴ መጣ» ይባላል። እናትየዋ «ትንሽ ቆይ» ትላለች። «መጣ መጣ መጣ!» ይላል፣ ጉልበቶቹን አጋጥሞ እየረገጠ፤ ይህ ጭፈራ በየትኛውም ክልል ቢሆን አንድ ዓይነት ነው። እናትየዋ ጨቅላውን ከጡቱ ሳታላቅቅ ትነሣለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ በአንድ እጅ ሱሪ ታወርዳለች፣ ፖፖውን በእግሯ ትስባለች። ታላቅየው ይቀመጣል። ጸጥታ ይሆናል። ጨቅላው እንኳ መጥባቱን ገታ አድርጎ የሚያዳምጥ ይመስላል። ከዚያም ታላቅየው ቀና ብሎ፣ ያለ ምንም ሐፍረት፣ «ሄደ» ይላል። ወዴት እንደሄደ ቢጠየቅ ትከሻውን ይነቀንቃል። የሄደው እንደሚመለስ ግን ሶፋውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

የእንግዳው ዓይነት የተለየ ክብር አለው። ጠያቂዎች ተሰብስበው አንዷ «አፍንጫው አባቱን» ሌላዋ «ኧረ አያቱን ነው» እያሉ ጨቅላው ላይ ባጎነበሱበት፣ ታላቅየው ሱሪውን ራሱ አውልቆ ፖፖውን ሳሎኑ መካከል፣ ከረከቦቱ አጠገብ፣ ያሳርፋል። ክርክሩ ይቋረጣል። በዚህ ጊዜ የሚመጣው ይመጣል፤ አንዳች ጊዜ ሄደ ብሎ አያውቅም። «ጎበዝ! ትልቅ ልጅ!» ይባላል። ጨቅላው በቀን ስንቴ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ አንድም ሰው አጨብጭቦለት አያውቅምና፣ ታላቅየው ይህን ልዩነት በሚገባ ያስተውላል። ቀጥሎም ይዘቱን ተሸክሞ እየዞረ ለእያንዳንዱ ጠያቂ በየተራ ያሳያል። ከበረከት ማዕድ የሚቀር እንግዳ እንደሌለ ሁሉ ከዚህም የሚታለፍ የለም። ፈንዲሻው ግን በዚያ ቀን ብዙ ይተርፋል።

የሌሊቱ ዓይነት በሕጉ ላይ ጥያቄ የሚያስነሣ ነው፤ በታማኝነት መነሣት አለበት። ጨቅላው ጠግቦ ተኝቷል፣ የእናትየዋ እጆች ባዶ ናቸው፣ ሆኖም ከጨለማው ውስጥ «ሽንቴ መጣ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ታላቅየው ፖፖ ላይ ተቀምጦ አይሸናም፣ ሄደም አይልም። ይጠይቃል። ጨረቃ ሽንቷ ይመጣል? ማሙሽ ጥርሱን የት ረሳው? እኔ ትንሽ ሆኜ እዚህ ሆድ ውስጥ ነበርኩ? መብራቱን ማን ነው ያጠፋው? እናትየዋ እያንቀላፋች ትመልሳለች፣ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ። አገጩን ጉልበቷ ላይ አስደግፎ ይሰማል። በቀን ሙሉ እጇ ባዶ ሲሆን ፊቱን ያዞረባት ልጅ እዚህ ምን እንደሚፈልግ የሁለት እጅ ሕግ አያስረዳም። ይህን ለጊዜው ከሕጉ ውጪ እናድርገው፤ እናትየዋም በማግስቱ ለማንም አታማርረውም።

የቀረው የውክልናው ዓይነት ነው፤ «የማሙሽ ሽንቱ መጣ»። ይህም ሁልጊዜ እውነት ነው፣ ጨቅላ ነውና። ከዚህ በኋላ «ውሃ ጠማኝ» በሦስት ንዑሳን ክፍሎች ሊቀርብ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ውሃው ከተሰጠ ውጤቱ መልሶ ወደ ተተነተነው ክፍል ስለሚያመራ ደግሞ መጻፉ ትርፍ የለውም። በውክልናው ላይ የሚጨመር አንድ ማሳሰቢያ አለ። ታላቅየው ማስታወቂያውን ተናግሮ እናትየዋ ከወጥ ቤት እስክትመጣ ስለማይጠብቅ፣ ወንድሙን ሊረዳ ፖፖውን በሁለት እጁ ተሸክሞ ሄዶ የጨቅላው አልጋ ውስጥ ያስቀምጥለታል። ፖፖው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ።